ሰላምታ የማይጨርሰው ሳጥን

ሰኞ

ዛሬ ለማሽን ትሕትና እንዳስተምር ታዘዝኩ፤ ለሚመጣልን ኢሜይል ሁሉ ራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ልሠራ ነው። አዛዡ አቶ ከፍያለው ናቸው፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየናችን ሥራ አስኪያጅ። ነገሩን ያመጣው ሆቴሉ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ለአልጋዎቹ የመንዝ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ከእኛ ሊገዛ ፈልጎ ደጋግሞ ኢሜይል ጻፈ፤ ማንም አልመለሰለትም። ለምን? የኢሜይል ሳጥኑ የጋራ ነዋ! ስድስት ሰዎች አንድ ፓስዎርድ ይዘናል። ስድስታችንም እናነባለን፤ ስድስታችንም «ይኼንን እነ እገሌ መልሰውታል» ብለን እናልፋለን። በጉ ስድስት እረኛ እያለው ጅብ በላው ማለት ይኸው ነው።

ሳጥኖቹ ሦስት ናቸው፦ ትእዛዝ፣ ቅሬታ፣ ቅጥር። ትእዛዙን ማንም አይመልሰውም። ቅሬታውን ማንም አይከፍተውም። ቅጥሩን ግን በተለይ በዚህ ሳምንት ሁሉም እየከፈተ ያየዋል፤ ለደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ይፈለጋል። አንድ ብቻ።

ያ አንድ ሰው እኔ መሆን አለብኝ። ባለቤቴ ጸሐይ ደብረ ብርሃን ታስተምራለች፤ ልጃችን ማርታም ከእሷ ጋር ናት። እኔ እዚህ መሐል ሜዳ ከውርጭ ጋር ጎጆ ወጥቼ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ማርታ «አባዬ፣ አንተ የምትኖረው ስልክ ውስጥ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ግን አልሳቅኩም።

ከኛ ቢሮ ሊወዳደረኝ የሚችል ቢኖር ደምሴ ነው፤ እሱም እንደኔ የኮምፒውተር ሰው ነው። ደምሴ የሥራ ባልደረባዬ፣ የጽዋ ማኅበርተኛዬ፣ የማርታ ክርስትና አባት፣ ማለትም አበልጄ። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ትከሻዬን መታ አድርጎ «ተስፋዬ፣ አንተ እያለህ እኔ ላመለክት? አበልጄን ልሻማ? ምን ቆርጦኝ!» አለ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ስለ ሰጠኸኝ ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ረቂቄን አቀረብኩ፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንሰጣለን።» አጭር፣ ንጹሕ፣ ዘመናዊ።

አቶ ከፍያለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ መልስ ነው ክስ? ሰው በርህን አንኳኩቶ ሲገባ እንዴት ዋልክ ሳትለው በሦስት ቀን ተመለስ ትለዋለህ?» ወንበር ስበው ተቀመጡና ራሳቸው አጻፉኝ። «እንደምን ከረሙ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው? ከብቱ፣ በጉ፣ አዝመራው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መልእክትዎ ደርሶናል...» ቀጥለው «ማኅተሙስ?» አሉ። በኢሜይል ላይ ማኅተም አይመታም ብላቸው የሞትኩ ያህል አዘኑልኝ። የማኅተሙን ፎቶ አንሥቼ ከግርጌ ለጠፍኩላቸው። ጽሑፉ አሁን አዋጅ መሰለ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ። ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው የሚመልሰው አንዴ ብቻ ነው። ያው ሰው ደግሞ ቢጽፍ ዝም ይላል። ይህን ሳስረዳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ጠዋት ሰላም ያልኩትን ሰው ከሰዓት ባገኘው ፊቴን ላዙርበት? አንተ የመንዝ ልጅ አይደለህም?» መልእክት በመጣ ቁጥር ሰላም ይባል!

ማድረግስ ይቻላል። ግን አደጋውን ነገርኳቸው። ደምሴ አጠገቤ ቆሞ በስምምነት ራሱን እየነቀነቀ ነበር። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ወዲያ ማዶም እንዲህ ያለ ማሽን ካለ፣ ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ ማን ያቆማቸዋል?»

ሳቁብኝ። «ሰላምታ በዝቶበት የሞተ ሰው ታውቃለህ? አድርገው ብያለሁ። ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

አደረግሁት። ከደምሴ ስልክ ሞከርነው። «ደኅና ነኝ» ብሎ ጻፈለት፤ ማሽኑ ወዲያው «እንደምን ከረሙ?» አለው። «ደኅና ነኝ አልኩህ እኮ!» ብሎ ጻፈለት። «እንደምን ከረሙ?» ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ማመልከቻዬንም ዛሬውኑ በቅጥር ሳጥን አስገባሁ። ማሽኑ ስለ በጎቼ ጠየቀኝ። በግ የለኝም።

ረቡዕ

የድል ቀን። ለትውልድ ይተላለፍ ዘንድ ልመዝግበው።

ከሞላሌ አንድ ነጋዴ ተቆጥቶ ቅሬታ ላከ። ሰላምታው ሲደርሰው ቅሬታውን ትቶ ስለ እናቱ ጉልበት በሽታ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈልን። ማሽኑም እንደገና እንደምን ከረሙ አለው። ሰውዬው አሁን ዘመዳችን ነው።

ከሰዓት በኋላ ከራቤል አንድ ሽማግሌ በአካል መጡ። ልጃቸው በስማቸው ጽፋልን መልሱን አንብባላቸዋለች። «ስለ በጎቼ የጠየቀኝ የቱ ነው?» አሉ። ማሽን ነው አልኳቸው። ኮምፒውተሩን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ እኛን አዩን። «እሱስ ጠየቀ። እናንተ?» ደምሴ ዘሎ ወንበር አቀረበ።

አቶ ከፍያለው በኮሪደሩ ሲያልፉ ለሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ «የኔ ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዷ ቃል የኔ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። ደስ አለኝ። ሐሳቡም ኃላፊነቱም የሳቸው ነው፤ እኔ ደመወዜን ብቻ።

ጸሐይ ደወለች። ከቅጥር ፈተናው በፊት ጸጉርህን ተቆረጥ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሐሙስ

ሁለት ማሽኖች ሲሳለሙ አደሩ።

ማታ ሁላችን ከወጣን በኋላ ሆቴሉ ለትእዛዝ ሳጥን ጻፈልን። የኛው ማሽን «እንደምን ከረሙ?» አለ። ሆቴሉም ለካ ማሽን አለው፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አለ። ማመስገኑ መልእክት ነውና የኛው እንደገና እንደምን ከረሙ አለ። እነሱም አመሰገኑ። ሁለት የመንዝ ሽማግሎች የገበያ መንገድ ላይ ተገናኝተው ማን ቀድሞ ይለፍ እንደሚሉት። ልዩነቱ ሽማግሎቹ ብርድ ይመታቸዋል፤ ማሽን ብርድ አይመታውም።

ሦስቱም ሳጥኖች የሚጋሩት አንድ የኢሜይል ማከማቻ፣ አንድ ጎተራ ነው። ጎተራው በሰላምታ ሞላ። ጠዋት ስገባ የሚገባ መልእክት የለም፣ የሚወጣም የለም። የሆቴሉ ሰው ለአቶ ከፍያለው ደውሎ «እባካችሁ ስለ በጎቻችን አትጠይቁን፤ ሆቴል ነን» ብሎ የባናውን ትእዛዝ ለጊዜው አቆመው።

ስብሰባ ተጠራ። «ይህን ያዘዘ ማነው?» አሉ አቶ ከፍያለው።

እርስዎ ነዎት አልኩ።

«እኔ? እኔ ሰላም በል አልኩ እንጂ ሰው አሳብድ አልኩ?»

አስጠንቅቄዎት ነበር፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው ብለዋል፣ ደምሴም ሰምቷል አልኩ። ሁሉም ወደ ደምሴ ዞረ። እኔም በሙሉ ልብ ዞርኩ፤ ምስክሬ ነዋ! ደምሴ መስኮቱን ያያል። ከመስኮቱ ውጭ አንዲት አህያ ቆማለች፤ የረባ ነገር እየሠራች አልነበረም፣ እሱ ግን አጥብቆ አያት። «እኔ እንኳ... በዚያ ሰዓት ስልክ እያነጋገርኩ ነበር መሰለኝ» አለ። «ትዝ አይለኝም።»

መሰለኝ! ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው ማን ሊሆን ነው?

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ ተወሰነ። ሰኞ ይፈረማል። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ለውድድር አይቀርብም፤ ፈተናው ደግሞ ረቡዕ ነው። ጸሐይ ስትደውል አላነሣሁም። ምን ልበላት? ጸጉሬን ተቆርጫለሁ ልበላት?

ዓርብ

ጎተራ ስጠርግ ዋልኩ። ሰላምታ በአካፋ ተዝቆ ይወጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከዚያ ማሽኑን አንዴ ብቻ መልሶ ዝም እንዲል አደረግሁት፤ እንደ ከተማ ሰው። የማመልከቻው ጊዜ ዛሬ ስለሚያበቃ የቅጥሩን ሳጥን አስቀድሜ ከፈትኩ።

ደምሴ ምሳ ጋበዘኝ። ሄድኩ፤ ሽሮው ምን አጠፋ? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን እያሻሸ ያወራል። «ደንግጬ ነው እኮ፤ ሰውየውን ታውቃቸው የለ። ሰው ሲደነግጥ አፉ ከራሱ ቀድሞ ይሄዳል። እንጂ አንተን? አንተን እኮ ወንድሜ ነው የምልህ።» ልቤ መራራት ጀመረ። እኔም ብሆን ልደነግጥ እችል ነበር እያልኩ ነው፤ እንጀራዬን ጠቅልዬ።

ስልኩ በራ። ዓይን አይታሰርም፣ አየሁት። «እንደምን ከረሙ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው? ለደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ባለሙያ ቦታ የላኩት ማመልከቻ ደርሶናል።»

ፊደሉ በእጄ የተጻፈ፣ ማኅተሙም በእጄ የተለጠፈ። ሳጥኑ ሞልቶ ስለነበር የደምሴ ማመልከቻ ከበር ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ነው የከረመው። እኔ ስጠርግ ገባ። እኔው ጠርጌ፣ እኔው በሩን ከፍቼ፣ እኔው ስለ ከብቱ ጠይቄ ተቀበልኩት።

መቼ ላክኸው አልኩት።

«ትናንት ጠዋት።»

ከስብሰባው በፊት ወይስ በኋላ?

ሽሮውን በእንጀራ ጠቀሰ፤ አልጎረሰውም። «በፊት» አለ።

እንግዲያው አልደነገጠም። አህያዋን ሲያይ ሒሳቡን ጨርሶ ነበር። ተነሥቼ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው ምሳውን ራሱ መጋበዙን ያስታወስኩት፤ ቢያንስ እሱን አልከፈልኩም።

ቅዳሜ

ቢሮ ሰው የለም፤ ፓስዎርዱ ግን አለኝ። ጠዋት ገባሁ። የደምሴን ማመልከቻ ከፈትኩ። ጥሩ ማመልከቻ ነው፣ ከኔ ይሻላል። «በቡድን ሥራ የተመሰገንኩ ነኝ» የሚል አለበት፤ ሁለቴ አነበብኩት።

አንድ ቁልፍ ብጫን ይጠፋል። አልተጫንኩም። ጽድቅ እንዳይመስለኝ ምክንያቱን ልጻፈው፦ የተሰረዘው ነገር የሚሄድበት ሳጥንም የጋራ ነው።

ለጸሐይ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ጸሐይ ስትቆጣ መብረቅ ነው። «ልጄን ያቀፈበት እጁ ይኼ ነው? ዓይኑን እንዳላይ! ደብረ ብርሃን ቢመጣ ቤቴን እንዳይረግጥ ንገረው!» አለች። ቀጥላ «አንተስ? ተኝተህ ነው የምታነበንብልኝ? ነገ ማኅበር አይደል?» አለችኝ።

ማኅበር ነው። የጋሽ ወልዴ ተራ።

እሑድ

ጋሽ ወልዴ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ ነገር ይዳኛሉ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት «ከመካከላችን የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። በየወሩ ይጠይቃሉ። እኛም በየወሩ፣ ጠላው እየጠበቀን፣ «የለም» እንላለን፤ አጥር የገፋውም የተገፋበትም አብረው «የለም» ይላሉ። የተቀያየመ ሰው ከአንድ ጽዋ አይጠጣማ።

ዛሬም ጠየቁ። ደምሴ ከኔ በስተቀኝ ሦስተኛው ነበር። «አለ» አልኩ።

ቄሱ ቀና አሉ። አንድ ሰው አስሎ ጨረሰ። ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ስብሰባው። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አነሡ፦ «ቆይ፣ ቆይ። የምትቀጣው ሰላምታ አብዝተሃል ተብለህ ነው?»

አዎ አልኩ።

«ሰላም ያለውስ ማነው?»

ማሽኑ።

«ደምሴስ ምን አደረገ?»

አለቃችን ሲያዙ ሰምቶ አልሰማሁም አለ።

«እንግዲህ ማሽኑን ተወው» አሉ። «ይኼኛው ይገባኛል።» ወደ ደምሴ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ጽዋ ፊት ነህ። ሰምተሃል አልሰማህም?»

እዚያ ቤት መስኮቱ ከደምሴ ጀርባ ነበር፤ የሚያየው አህያ አልነበረም። ላብ ግንባሩ ላይ አየሁ። በመንዝ ብርድ! «ሰምቻለሁ» አለ።

«ነገ ለአለቃችሁ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

ይቅር ተባባሉ ተባልን። በማኅበር ፊት እንቢ አይባል፤ ተሳሳምን። ትከሻዬን ሲያቅፈኝ በጆሮዬ «አንተ ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ። እኔ እዚህ ብቻዬን ላርጅ?» አለኝ። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ምን እንደምለው አላውቅም። ምናልባት ተወዳደር እለው ነበር። አሁን ግን «ምን ቆርጦኝ» ያለኝ አፉ ነው በጆሮዬ የሚያወራው። የሳምኩት በከንፈሬ ነው፤ ልቤ ከውጭ ቆሞ ነበር።

ጠላው ግን ግሩም ነበር። ፍርድ ሳላጓድል ጠላውንም አመሰግናለሁ።

ሰኞ

ተናገረ። ጠዋት አብረን ገባን፤ አብሬው ባልገባ አላምነውም ነበር። «ጋሼ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ተስፋዬም አስጠንቅቆዎት ነበር» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር ግን ተናገረ።

አቶ ከፍያለው ወደ ደምሴ ዞሩ። «ሐሙስ ለት ምነው ዲዳ ሆንክ?»

«ለፈተናው ስል።»

«የቱ ፈተና?» ነገሩ ገባቸው። መጀመሪያ እሱን አዩ፣ ቀጥለው እኔን። «ለካ ሁለታችሁም ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነው!» አሉ። ከልባቸው ነው ያዘኑት። ኮምፒውተር የሚያውቁ ሁለት ልጆች አሉኝ እያሉ በየስብሰባው ሲመኩብን ሁለታችንም ከጀርባቸው ስናመለክት ከርመናል። ለአፍታ ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃጣኝ።

የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ሳይፈርሙበት መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «በቃል ይሁን። በቃል አስጠንቅቄሃለሁ፤ ተጠንቅቀሃል?»

ተጠንቅቄያለሁ አልኩ።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ግን አላሉም። አልጠበቅሁምም። ለሆቴሉ ራሳቸው ደወሉ፤ ከውጭ ሆኜ ሰማሁ። «እንደምን ከረማችሁ?» ብለው ጀመሩ።

ማክሰኞ

በማለዳው ሚኒባስ ሁለት ወንበር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጎን ለጎን። የት ይደረሳል? ተቀመጥን። እስከ ሞላሌ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሞላሌ ላይ ወርዶ ቆሎ ገዛ፤ ዘረጋልኝ፤ አልተቀበልኩም። ቀጥሎ ደግሞ ራበኝና ራሴ እጄን ሰደድኩ። እሱም ወሬ አላደረገውም፤ ብልጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሄደ። ትከሻዬን ያልነፈግኩት ይቅር ብዬው እንዳይመስል፤ ቦታ ስላልነበረኝ ነው።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጸሐይና ማርታ ቆመው ጠበቁን። ማርታ ስታየኝ ሮጠች። እጄን ዘርግቼ ተንበረከክኩ። በጎኔ አልፋ ደምሴ ላይ ተጠመጠመች። «ክርስትና አባቴ!» ስልክ ውስጥ የማይኖረው እሱ ነዋ።

ደምሴ ልጅቷን ወደኔ አሻገራትና ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «እኔ እንግዲህ አልጋ ልፈልግ» አለ።

ጸሐይን አየኋት። ዓይኑን እንዳላይ፣ ቤቴን እንዳይረግጥ ያለችውን ጸሐይን። ሻርፗን አጠበቀችና «አበልጅ ሆቴል ሲያድር የት አይተሃል? ና ወዲህ! ሰው ምን ይለኛል?» አለች፤ ሻንጣውንም ቀማችው። የኔን ሻንጣ ማንም አልቀማኝም።

ራት ላይ ለእሱም ለኔም እኩል አጎረሰችን። በእኩል ጉርሻ የተቀጣ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ሳህን ስታነሣ ብቻ በጆሮዬ «አንተ ካላለፍክ ሁለታችሁንም አላስገባም» አለችኝ። ይህንኑ ለእሱ ከኔ ቀድማ እንዳልነገረችው በምን አውቃለሁ?

ይህን የምጽፈው እሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነው። ማርታ አጠገቡ ተረት ሲነግራት እንቅልፍ ወስዷት ወደ አልጋችን ወስጃታለሁ። ፈተናው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ወንበሩ አንድ ነው፤ እሱ ከኔ የተሻለ ማመልከቻ አለው፣ እኔ ከሱ የተሻለ ምክንያት አለኝ። የትኛው እንደሚታረም አላውቅም።

ጸሐይ ሁለታችንንም እንደምትቀሰቅሰን ቃል ገብታለች። እኔን ብቻ ቀስቅሺኝ አላልኳትም።

አስቤ ግን ነበር። አሁንም እያሰብኩ ነው፤ እሷም ገና አልተኛችም።